የሉን ወንዝ የውኃ ድልድይ፤ ታሪኩና አሠራሩ

ድልድይ ሲባል በተለምዶ የሚታሰበው ሰውና ከብት፥ ጋሪና መኪና ወንዝን የሚሻገሩበት ሥራ ነው። ነገር ግን ውኃ ራሱ በሌላ ውኃ ላይ የሚሻገርበት፥ ጀልባም ጭነቱን እንደ ያዘ ከወንዙ በላይ ከፍ ብሎ የሚያልፍበት ድልድይ አለ። ይህ ዓይነቱ ሥራ የውኃ ድልድይ ይባላል። በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል፥ በላንካስተር ከተማ አጠገብ፥ በሉን ወንዝ ላይ የቆመው የድንጋይ ድልድይ ከዚህ ዓይነት ሥራዎች መካከል እጅግ ከሚደነቁት አንዱ ነው። ተሠርቶ ካለቀ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ውኃውን እንደ ተሸከመ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ድልድይ ታሪክ ስለ ውበትና ስለ ጽናት ብቻ የሚናገር አይደለም። ለሥራው የወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ከተገመተው እጅግ ስለ በለጠ፥ ድልድዩ ሊያገለግለው የታሰበው የውኃ መንገድ እንደ ታቀደው ሳይፈጸም ቀርቷል። ስለዚህ የሉን ድልድይ ለግንበኛውም፥ ለሒሳብ ሹሙም፥ ለአስተዳዳሪውም የሚሆን ትምህርት አለበት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦዩ ስለ ምን አስፈለገ

በ18ኛው መቶ ዓመት ላንካስተር የታወቀች የባሕር ንግድ ከተማ ነበረች። ነጋዴዎቿ መርከቦቻቸውን ወደ ካሪብ ደሴቶች ይልኩ ነበር፤ በባሪያ ንግድም ተካፋዮች ነበሩ። ነገር ግን ሉን ወንዝ በደለል እየተሞላ በመሄዱ ለትልልቅ መርከቦች መግባት አስቸጋሪ ሆነ፤ ንግዱም ቀስ በቀስ ወደ ሊቨርፑል ያዘነብል ጀመር። ከዚህም ሌላ ከተማዪቱ ለቤትና ለፋብሪካ የሚበቃ የድንጋይ ከሰል በአቅራቢያዋ አልነበራትም። ከሰሉ የሚቆፈረው በስተደቡብ በዊጋን አካባቢ ነበር። በስተሰሜን ደግሞ ለግንብና ለእርሻ መሬት የሚጠቅም የኖራ ድንጋይ በብዛት ይገኝ ነበር። ደቡቡ ኖራ ይፈልጋል፥ ሰሜኑ ከሰል ይፈልጋል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን መጥፎ ነበር፤ በፈረስ ጋሪ የሚጓዝ ከባድ ዕቃም ዋጋው ይወደድ ነበር።

በዚያ ዘመን ለዚህ ችግር የተገኘው መድኃኒት ቦይ መቆፈር ነበር። ውኃ ጀልባውን ስለሚሸከመው፥ በዳር መንገድ እየሄደ በገመድ የሚጎትት አንድ ፈረስ በጋሪ ሊጎትት ከሚችለው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጭነት ማንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ የላንካስተር ነጋዴዎች በ1791 ተሰብስበው መከሩ፤ በ1792ም የእንግሊዝ ፓርላማ ለቦዩ ኩባንያ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠውን ሕግ አወጣ። በዚሁ ሕግ ኩባንያው አክሲዮን ሸጦ 414,100 ፓውንድ እንዲሰበስብ ተፈቀደለት። የታሰበው ቦይ ከዊጋን አካባቢ ተነሥቶ፥ በፕሬስተን የሪብልን ወንዝ፥ በላንካስተር የሉንን ወንዝ ተሻግሮ፥ በስተሰሜን እስከ ኬንዳል ከተማ የሚደርስ ነበር። የሚያመላልሰው ጭነት ከሰልና ኖራ ስለ ነበረ ሕዝቡ በኋላ ጥቁርና ነጭ ቦይ ብሎ ጠርቶታል።

መሐንዲሱና የመረጡት መስመር

ለሥራው የተመረጡት መሐንዲስ በ1761 በስኮትላንድ የተወለዱት ሚስተር ጆን ሬኒ ነበሩ። ሚስተር ሬኒ ሥራቸውን የጀመሩት ወፍጮ በመሥራትና በመጠገን ነው። በኋላ ግን በለንደን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ላይ የዋተርሉንና የሳውዝዋርክን ድልድዮች ሠርተዋል። በ1821 ካረፉ በኋላም በሥዕላቸው መሠረት አዲሱን የለንደን ድልድይ ልጃቸው በ1831 ፈጽመውታል። የላንካስተርን ቦይ በተቀበሉ ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ከ30 ጥቂት ያለፈ ነበር።

ቦይ እንደ ወንዝ ቁልቁል የሚፈስስ አይደለም፤ ውኃው ረግቶ ስለሚቀመጥ መስመሩ እንደ ገበታ የተስተካከለ መሆን አለበት። መሬቱ ከፍ ወይም ዝቅ የሚል ከሆነ ጀልባው የሚወጣውና የሚወርደው በውኃ ደረጃ ነው። የውኃ ደረጃ የሚባለው በሁለት በሮች መካከል ያለ የግንብ ገንዳ ሲሆን፥ ጀልባው ከገባ በኋላ ውኃው እየተሞላ ወይም እየጎደለ ጀልባውን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ነገር ግን አንድ ጀልባ ባለፈ ቁጥር ገንዳ ሙሉ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሮቹን በመክፈትና በመዝጋትም ብዙ ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ ሚስተር ሬኒ የኮረብታዎቹን ወገብ እየተከተሉ፥ ከፕሬስተን እስከ ቴዊትፊልድ ድረስ 67 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም የውኃ ደረጃ የሌለበትን መስመር ቀየሱ።

ይህ መስመር ሉን ወንዝ ዘንድ ሲደርስ ሸለቆው ይቆርጠዋል። ቦዩ ወደ ወንዙ ወርዶ እንደ ገና በማዶ ይውጣ ቢባል በሁለቱም ወገን ብዙ የውኃ ደረጃ ማብጀት ያስፈልግ ነበር፤ ጀልባዎቹም ወንዙ በሞላ ቁጥር ተቋርጠው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ቦዩ የያዘውን ከፍታ ሳይለቅ ከወንዙ በላይ እንዲሻገር ተወሰነ።

ከውኃ በታች የተሠራው ሥራ

ሥራው የተጀመረው በጥር ወር 1794 ነው። የላዩን ግንብ እንዲሠሩ የተዋዋሉት የስኮትላንዱ ሥራ ተቋራጭ ሚስተር አሌክሳንደር ስቲቨንስ ሲሆኑ፥ መሠረቱን የሠራው ኩባንያው በራሱ ሠራተኞች ነው። በቦታው እየተገኙ የሚቆጣጠሩት መሐንዲስ ደግሞ ሚስተር አርቺባልድ ሚላር ነበሩ።

የወንዙ ወለል እንዲህ ላለ ክብደት የሚያስተማምን አልነበረም። ስለዚህ የድልድዩ እግሮች በሚተከሉበት ቦታ ዙሪያውን በእንጨት አጥረው ውኃውን እየቀዱ አወጡ፤ በደረቀውም ስፍራ ረጃጅም ግንዶችን እንደ ካስማ ወደ ወንዙ ወለል ቀጥቅጠው አስገቡ። በካስማዎቹ ራስ ላይ የእንጨት ወለል ዘረጉ፤ ድንጋዩ መደርደር የተጀመረው በዚያ ላይ ነው። ለዚህ የመሠረት ሥራ እስከ 150 የሚደርሱ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። እንጨት ለመሠረት መሆኑ ሊያስገርም ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ዘወትር በውኃ ውስጥ ተቀብሮ አየር የማያገኝ እንጨት በቀላሉ አይበሰብስም። እንጨትን ፈጥኖ የሚያጠፋው አንድ ጊዜ መርጠብ አንድ ጊዜ መድረቅ ነው።

ሁለተኛው ችግር የማያያዣው ኖራ ነበር። ተራ ኖራ የሚጠነክረው አየር ሲያገኝ ነውና በውኃ ውስጥ ሲሆን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ወንዙም እየሸረሸረ ይወስደዋል። የጥንት ሮማውያን ግን ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ በውኃ ውስጥም ቢሆን እንደ ድንጋይ እንደሚጠነክር ያውቁ ነበር። ይህ አፈር ፖዞላና ይባላል። ሚስተር ሬኒ ለሉን ድልድይ ፖዞላና ከኢጣሊያ በመርከብ አስመጥተዋል። ዋጋው ውድ ነበር፤ ሆኖም ማንም የማያየውን የመሠረት ግንብ እስከ ዛሬ አጽንቶ ያቆመው ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ነው።

በሐምሌ ወር 1795 የድልድዩ እግሮች ከውኃው በላይ ብቅ አሉ። ሚስተር ስቲቨንስ ግን የሥራቸውን ፍጻሜ ለማየት አልታደሉም፤ በ1796 መጀመሪያ በላንካስተር ዐረፉ፤ ሥራውንም ልጃቸው ቀጠሉት።

ቅስቶቹና ውኃው የተያዘበት ብልሃት

ድልድዩ በተጠረበ ድንጋይ የተገነቡ አምስት ቅስቶች አሉት። እያንዳንዱ ቅስት ግማሽ ክብ ሲሆን የአፉ ስፋት 21 ሜትር ያህል ነው። የድልድዩ ጠቅላላ ርዝመት ወደ 200 ሜትር ይደርሳል፤ ከወንዙም በላይ 18 ሜትር ከግማሽ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ወንዙን የሚቀበለው የእያንዳንዱ እግር ፊት፥ ጎርፍና የሚንሳፈፍ ግንድ በቀጥታ እንዳይመታው ውኃውን ለሁለት እንዲከፍል ሆኖ ተሠርቷል። በሁለቱም ጫፎች ያሉት የግንብ ክንፎች ወደ ውስጥ የጎበጡ ናቸው፤ ይህም ለዓይን ከማማሩም ሌላ ከኋላቸው የተቆለለው አፈር የሚገፋውን ኀይል ለመቋቋም ይረዳል። ከቅስቶቹ በላይ በጥንት ግሪኮች ሥርዐት የተቀረጸ ክፈፍ አለ፤ በዚያም ላይ በድንጋይ ዘንጎች ያጌጠ መከላከያ ቆሟል። በአንደኛው ወገን ሥራው ለሕዝብ ብልጽግና የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀርጾበታል።

ከዚህ ድልድይ አሠራር ሁለት ነገሮች በተለይ ሊስተዋሉ ይገባል። የመጀመሪያው የክብደት ነገር ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ይመዝናልና ቅስቶቹ ሌሊትና ቀን ታላቅ ሸክም ይሸከማሉ። ነገር ግን ከሰል የጫነ ጀልባ በላዩ ሲያልፍ የድልድዩ ሸክም አይጨምርም። ተንሳፋፊ ነገር ሁሉ ከራሱ ክብደት ጋር የተካከለ ውኃ ገለል ያደርጋል፤ ገለል ያለውም ውኃ በቦዩ ርዝመት ሁሉ ይከፋፈላል። ስለዚህ የመኪና ድልድይ ከባድ ጭነት ባለፈበት ቁጥር ሲፈተን፥ የውኃ ድልድይ ግን ባዶም ጀልባ ይለፍ ሙሉም ጀልባ ይለፍ የሚሸከመው ያው ነው።

ሁለተኛው የውኃው መጠበቅ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቢደረደር፥ በኖራም ቢያያዝ፥ ውኃ ቀዳዳ ማግኘቱ አይቀርም። ስለዚህ የቦዩ ወለልና ጎን በተረገጠ ሸክላ አፈር ተለብጧል። ለቤት ግድግዳ የሚሆን ጭቃ እንደሚረገጥ፥ ሠራተኞቹ ሸክላ አፈሩን ከውኃ ጋር እያደባለቁ፥ አየር በውስጡ እስከማይቀር ድረስ በእግራቸው እየረገጡ በንብር በንብሩ ያነጥፉታል። እንዲህ የተበጀ አፈር ውኃ አያሳልፍም። ዘወትር እርጥብ ሆኖ መኖር ግን ግዴታው ነው፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል፥ ከተሰነጠቀም ማፍሰስ ይጀምራል። ሾልኮ የሚወጣው ውኃም የግንቡን ማያያዣ ያጥባል። በዚህ ምክንያት የውኃ ድልድይ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሥራ ሳይሆን ዘወትር ተቆጣጣሪ የሚያስፈልገው ነው።

ገንዘቡና ሳይሠራ የቀረው ድልድይ

ኅዳር 22 ቀን 1797 ከፕሬስተን እስከ ቴዊትፊልድ ያለው ቦይ ለጀልባ ተከፈተ፤ የሉንም ድልድይ አገልግሎቱን ጀመረ። ሒሳቡ ሲታይ ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም። ለድልድዩ ሥራ ተገምቶ የነበረው ገንዘብ 18,618 ፓውንድ ነበር፤ የወጣው ግን 48,320 ፓውንድ ሆነ። ይህም ከግምቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ከወንዙ ወለል በታች ያለው ሥራ ከታሰበው በላይ አድካሚ ሆነ። ሚስተር ሬኒ ወጪው እንዲቀንስ ቅስቶቹ በሸክላ ጡብ ቢሠሩ እንደሚሻል ሐሳብ ቢያቀርቡም የኩባንያው ኮሚቴ ድንጋይን መረጠ። ደግሞም በ1793 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ጦርነት ስለ ተነሣ የዕቃ ዋጋ ወጣ፤ አክሲዮን የገዙትም ሰዎች ገንዘባቸውን ለማስገባት ተቸገሩ።

የነገሩ ክብደት የታወቀው ፕሬስተን ዘንድ ነው። በዚያም ቦዩ የሪብልን ሰፊ ሸለቆ መሻገር ነበረበት። ለዚህ የታሰበው ሌላ ትልቅ የድንጋይ ድልድይ፥ ከእርሱም ጋር ረጅም የአፈር ቁልልና ብዙ የውኃ ደረጃዎች ነበሩ። ኩባንያው ግን ይህን ለመሥራት የሚበቃ ገንዘብ ሊያገኝ አልቻለም። የሰሜኑ ቦይ አለ፥ በስተደቡብ ወደ ከሰሉ አገር የሚወስደው ቦይም ተቆፍሯል፤ በሁለቱ መካከል ግን ወንዝና 8 ኪሎ ሜትር ያህል የብስ ቀረ።

ለጊዜው ይሁን ተብሎ በሚስተር ዊልያም ካርትራይት አማካይነት ፈረስ የሚጎትተው የሐዲድ መንገድ ተሠራ፤ ሥራውም በ1803 ተፈጸመ። ይህ መንገድ ሪብልን የሚሻገረው በቀጭን የእንጨት ድልድይ ነበር። አቀበት በሆኑት ሦስት ስፍራዎች ደግሞ ፉርጎዎቹን በሰንሰለት የሚስብ የእንፋሎት ሞተር ቆመ። ከደቡብ የመጣው ከሰል ዋልተን ሰሚት በተባለው ስፍራ ከጀልባ ይራገፋል፤ በፉርጎ ተጭኖ ፕሬስተን ይደርሳል፤ በዚያም እንደ ገና በጀልባ ይጫናል። ይህ ሁሉ ለከሰሉ መሰባበርን፥ ለነጋዴው ተጨማሪ ወጪን፥ ለተሸካሚው ድካምን አመጣ። ለጊዜው የተባለውም መንገድ ለብዙ ዘመን አገልግሎ በመጨረሻ በ1879 ፈጽሞ ተዘጋ። የድንጋዩ ድልድይ ግን በሪብል ላይ ከቶ አልተሠራም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ

ቦዩ በስተሰሜን በኩል እስከ ኬንዳል የደረሰው በ1819 ነው፤ በቴዊትፊልድ ስምንት የውኃ ደረጃዎች ተሠርተው ጀልባዎቹን ወደ 23 ሜትር ያህል ከፍ አደረጓቸው። በ1826 ደግሞ በግላሰን በኩል ወደ ባሕር የሚያወጣ ቅርንጫፍ ተከፈተ። በ1833 በፕሬስተንና በኬንዳል መካከል ፈጣን የመንገደኞች ጀልባ መመላለስ ጀመረ፤ ፈረሶቹ በየጣቢያው ይለወጡ ነበር፤ ተሳፋሪውም በሉን ድልድይ ላይ ሲያልፍ ወንዙን ከበታቹ ቁልቁል ይመለከት ነበር። ከ1840 ዓመት ጀምሮ ግን የምድር ባቡር ወደ ላንካስተር ስለ ደረሰ የቦዩ ሥራ እየቀነሰ ሄደ። በ1885 ቦዩ ለምድር ባቡር ኩባንያ ተሸጠ፤ የመጨረሻው የከሰል ጭነትም የተጓጓዘው በ1947 ነው። በ1968 አዲሱ የመኪና ጎዳና ሲሠራ ከቴዊትፊልድ በስተሰሜን ያለውን ቦይ ስለ ቆረጠው፥ ጀልባ ከዚያ አልፎ ወደ ሰሜን መሄዱ ቀረ።

የሉን ድልድይ ግን ከዚህ ሁሉ ለውጥ በኋላ ቆሞ ቀረ። በእንግሊዝ አገር ሕግ ከታሪካዊ ሕንፃዎች መካከል በአንደኛ ደረጃ ተመዝግቧል። ውኃ ማፍሰስ በጀመረ ጊዜም ታላቅ እድሳት ተደርጎለት ሥራው በ2012 ተፈጽሟል። በቦዩ ላይ ዛሬ የሚታዩት ለሽርሽር የሚጓዙ ጀልባዎች ናቸው፤ ፈረሶች ይሄዱበት በነበረው የዳር መንገድም እግረኞች ይመላለሳሉ።

የሰሜኑ ቦይ ከሌሎቹ የእንግሊዝ አገር ቦዮች ጋር የተገናኘው በ2002 ነው። ይህም ሉን ድልድይ ከተከፈተ ከ205 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መገናኛውም በሪብል ላይ የተሠራ ድልድይ ሳይሆን ወደ ወንዙ የሚወርድ የውኃ መንገድ ስለ ሆነ፥ ጀልባዎች የባሕሩን ሙላት ጠብቀው በወንዙ ላይ ለመሻገር ይገደዳሉ።

ከዚህ ሥራ የሚገኝ ትምህርት

የሉንን ድልድይ ታሪክ የሚመለከት ሰው ሁለት ዓይነት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። አንዱ፥ ይህን ያህል ገንዘብ ለአንድ ድልድይ ማውጣት አይገባም ነበር ይላል። ሌላው፥ ሁለት መቶ ዓመት ለሚቆም ሥራ ምንም ቢወጣለት አይበዛም ይላል። እውነቱ ግን ሁለቱን ለይቶ በማየት ይገኛል። ለመሠረቱ፥ ለካስማውና ለፖዞላናው የወጣው ገንዘብ አልባከነም፤ መሠረቱ ቢሰነጠቅ ኖሮ የቀረው ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። ስሕተቱ ሥራውን አጽንቶ መሥራት ሳይሆን፥ የጸና ሥራ የሚጠይቀውን ገንዘብ አስቀድሞ በእውነተኛ ሒሳብ አለመገመትና የሌላውን ወንዝ ድርሻ ለይቶ አለማስቀመጥ ነው።

የውኃ መንገድም ሆነ የመኪና መንገድ ጥቅሙ የሚመዘነው በመካከሉ ባለው እጅግ ባማረው ሥራ ሳይሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ በማድረሱ ነው። ከዊጋን ከሰሉን የሚልከው ነጋዴ የሉን ድልድይ ማማሩ የሪብልን የማራገፊያ ዋጋ አልቀነሰለትም። በከተማም ሆነ በወረዳ የሕዝብ ሥራ የሚያዝዝ፥ ግምት የሚያወጣና ሒሳብ የሚይዝ ሰው ሁሉ፥ የመጀመሪያውን ድልድይ ከማስጀመሩ በፊት የመጨረሻውም የሚሠራበትን ገንዘብ ቆጥሮ ሊያገኘው ይገባል።